የፒዛ ቤት በር በስንት ሰዓት ይከፈት?

ከቢሮ ወይም ከትምህርት ገበታ ተነሥተው፣ ሆድዎ ባዶ ሆኖ፣ ኪስዎን ዳበስ አድርገው «ለዛሬስ ይበቃኛል» ብለው ወደ አንድ ምግብ ቤት ሄደው በሩን ተቈልፎ ያገኙበት ቀን እንደማይጠፋ እገምታለሁ። በበሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የለም፤ ቀርቦ የሚጠየቅ ዘበኛም የለም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰው ሄዱን? ብዙ ሰው አይሄድም። ደንበኛ የሚያኰርፈው በክፉ ምግብ ብቻ አይደለም፤ በተዘጋ በርም ያኰርፋል። ልዩነቱ፣ በክፉ ምግብ ያኰረፈው አንዳንድ ጊዜ ተቈጥቶና ተናግሮ ሲሄድ፣ በተዘጋ በር ያኰረፈው ግን ድምፁን ሳያሰማ መቅረቱ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ወጣቶች፣ ሁለቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች፣ አንዱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ሁለት ዓመት ከጣሉት እቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ አንድ ላይ አድርገው፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ስፍራ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ፒዛ ቤት ሊከፍቱ ነው። ሁለት ፒዛ በአንድ ጊዜ የሚጋግር የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ ማቀዝቀዣና አራት ጠረጴዛ ገዝተዋል። ሁለት ሰዎችም ቀጥረዋል፤ አንደኛው ኬክ ቤት ሲሠራ የኖረ ጋጋሪ ነው፤ ሁለተኛዋ የአንደኛው ጸሐፊ ታናሽ እኅት ናት። ለዚህ ዓምድ የላኩት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ቤቱን በየቀኑ ያለ ዕረፍት ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ልንከፍት አስበናል፤ ይበቃል ወይስ እስከ 5 ሰዓት እናድርገው?» ይላል።

እርስዎም ነገ ከነገ ወዲያ ከባልንጀሮችዎ ጋር ተማክረው ሻይ ቤት ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት የሚከፍቱ ይሆናሉና፣ መልሱን አብረን ብንፈልገው የሚጎዳ አይመስለኝም።

ጠያቂዎቻችን ያሰቡትን እንደምን አድርገው እንዳሰቡት መገመት አያስቸግርም። «ኪራዩ ቀንም ሌሊትም ይቈጥራል፤ ስለዚህ በሩ በተከፈተ ቍጥር ኪራዩ ይቀላል» ብለዋል። ብዙ ነጋዴም እንዲሁ ይላል። ነገር ግን ኪራይ በሩ ቢከፈትም ቢዘጋም የሚከፈል ዕዳ ነው፤ አንድ ሰዓት ጨምሮ መክፈት ይገባ እንደሆነ ሲመረመር ኪራዩ በሂሳቡ ውስጥ መግባት የለበትም። መቈጠር ያለበት ያቺ የተጨመረችው ሰዓት ራሷ የምትበላው ነው፤ የሰው ደመወዝ፣ የምድጃው መብራት፣ ተጋግሮ ሳይሸጥ የሚቀረው።

እስቲ ለምሳሌ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንመልከት። ዋጋው ከሰፈር ሰፈርና ከወር ወር ስለሚለያይ የምጽፈው ቍጥር ለማሳያ ብቻ ነው፤ አንባቢ የራሱን ቍጥር ይተካበት። ለጧቱ ሥራ አንድ ተጨማሪ ሰው በወር 5,000 ብር ተቀጠረ፣ ለምግብና ለመጓጓዣው ደግሞ 1,500 ብር ወጣ እንበል። ይህ ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 250 ብር ይሆናል። የምድጃው መብራት 100 ብር፣ ሳይሸጥ የሚበላሸው ሌላ 100 ብር እንበል። ጧቱ በጠቅላላው 450 ብር በላ ማለት ነው። አንድ ፒዛ ዱቄቱ፣ ፎርማጆው፣ የቲማቲሙ ስልስና ካርቶኑ ከተቀነሰ በኋላ 180 ብር የሚያተርፍ ቢሆን፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በየጧቱ ሦስት ፒዛ መሸጥ አለበት። ሦስተኛው ሲሸጥ ነው ትርፍ የሚባል ነገር መምጣት የሚጀምረው። ታዲያ አራት ኪሎ ላይ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ፒዛ የሚበላው ማነው? በዚያ ሰዓት ጸሐፊው ከመዝገቡ ጋር ነው፤ ተማሪውም ቢሆን በሻይና በፓስቲ ወይም በፉል ጉዳዩን ጨርሶ ክፍል ገብቷል።

ስለዚህ የጧቱን ነገር እዚህ ላይ እንተወው፤ ብዙ አያከራክርም።

የሚያከራክረው የምሳው ሰዓት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል መሆኑን አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ዐርብ ግን ጧት የሚወጣው በ5 ሰዓት ተኩል ነውና የምሳው ዕረፍት ሁለት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ በአዘቦቱ ቀን ጸሐፊው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ ዐሥር ደቂቃ ቢሄድ፣ ሲመለስም ዐሥር ደቂቃ ቢሄድ፣ ለመብላት የሚቀረው 40 ደቂቃ ነው። የጠያቂዎቻችን ምድጃ ሁለት ፒዛ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ምድጃ አንዱን ዙር ለማብሰል ዐሥር ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። በ40 ደቂቃ አራት ዙር፣ በጠቅላላው ስምንት ፒዛ! በበሩ ላይ ኀምሳ ሰው ተሰልፎ ቢቆም ከስምንት በላይ አይወጣም።

በኢጣሊያ፣ ፒዛ በተፈለሰፈበት በኔፕልስ ከተማ፣ በእንጨት የሚነደው የጡብ ምድጃ ሙቀቱ ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ባለው ጊዜ በስሎ ይወጣል። የከተማይቱ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብ በ2010 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። እኛ ከጣልያኖቹ ስሙን ተቀብለናል፤ ፉርኖ የምንለው ዳቦም ስሙን ያገኘው ከምድጃቸው ነው፤ ዳሩ ግን ያን የመሰለ ምድጃ የመሥራት አቅም ያለው ሁሉም አይደለም። ምድጃው ቀርፋፋ የሆነበት ሰው ሰዓቱን በምድጃው ልክ ማበጀት አለበት።

እንደምን ያብጀው? ፒዛውን በቁራሽ በመሸጥ ነው። ምድጃው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ያለ ማቋረጥ ቢሠራ ዐሥራ ሁለት ፒዛ ይጋገራል፤ እያንዳንዱ ለስድስት ቢቈረጥ 72 ቁራሽ ይሆናል። ጸሐፊው ሲደርስ ቁራሹ ምድጃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሞቅ ተደርጎ ይቀርብለታል። ቁራሽ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ ወር ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ሙሉ ፒዛ የማይደፍር ኪስ ሁለት ቁራሽ ይደፍራል። ከዚህ የምንረዳው በሩ በ5 ሰዓት ተኩል የሚከፈተው ለደንበኛው ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ለምድጃው መሆኑን ነው። ዐርብ ቀንም በዚያው ሰዓት ከቢሮ የሚወጣውን ይቀበላል።

ሊጡም የራሱ ሰዓት አለው። የፒዛ ሊጥ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና ጥቂት እርሾ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት ያህል ድቡልቡል ይወጣል። ነገር ግን ቡክቶ ወዲያው የሚጋገር ሊጥ ሆድ ይነፋል፣ ጣዕምም የለው። ደኅና ጋጋሪ ማታ አቡክቶ ለማግስቱ ያሳድረዋል፤ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ደግሞ ሁለት ቀን እንኳ ሊያቆየው ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ሊጥም ከቈላው ይልቅ ፈጥኖ ይነፋል። ስለዚህ እርሾውን ቀነስ አድርጎ በማቀዝቀዣ ማሳደሩ ይመረጣል።

ይህ ከቀን ምርጫ ጋር ምን አገናኘው ይሉኝ ይሆናል። እጅግ ያገናኘዋል። ቤቱ እሑድ የሚዘጋ ከሆነ የሰኞ ምሳ ሊጥ መቼ ይቦካል? ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት «እሑድ ዕረፍት ነው» ብሎ ሲለጥፍ ጋጋሪው ግን እሑድ ማታ መጥቶ ማቡካቱ አይቀርለትም፤ ዕረፍቱ የደንበኛው እንጂ የጋጋሪው አልሆነም። የጠያቂዎቻችን ማቀዝቀዣ ግን ቅዳሜ ማታ የገባውን ሊጥ ለሰኞ ያደርስላቸዋል። የመብራት መጥፋት ያለ እንደ ሆነ በሩን ሳይከፍቱ ማቆየት ነው፤ ቅዝቃዜው ጥቂት ሰዓት ይቆያል።

አሁን ወደ ቀን መቍጠሪያው እንምጣ። ሌላ አገር ፒዛ ቤት የሚከፍት ሰው የሳምንቱን ሰባት ቀን ቈጥሮ ይበቃዋል። እዚህ ግን ረቡዕና ዐርብ አለ። ከፋሲካ በኋላ ካለው ኀምሳ ቀን በቀር ዓመቱን ሙሉ ሁለቱ ቀናት ይጾማሉ። ከዚያ በላይ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ገና፣ በየዓመቱ ርዝመቱ የሚለዋወጠው የሐዋርያት ጾም ደግሞ ክረምቱ ሲገባ አሉ። ፎርማጆ በነዚህ ቀናት ለብዙው ሕዝብ አይሸጥም። የጾም ፒዛ እርግጥ ነው አለ፤ ስልሱ በቃሪያ፣ በሽንኵርት፣ በእንጉዳይና በወይራ ፍሬ ተደርጎ ሲጋገር መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ወጪው ያነሰ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በምን ይሠራል ብቻ ሳይሆን በስንት ሰዓት ይበላል ነው። ጾሙን አጥብቆ የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ባለ ፒዛ ቤቱ 8 ሰዓት ላይ ምድጃውን አጥፍቶ ቢሄድ፣ ያ ሰው 9 ሰዓት ላይ መጥቶ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

«እንግዲያውስ ለሰኞና ለማክሰኞ አንድ ሰዓት፣ ለረቡዕ ሌላ፣ ለሐሙስ ሌላ፣ ለዐርብ ሌላ እንጻፍ» የሚል ብልህ አይጠፋም። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ደንበኛ የባቡር የጉዞ ሰሌዳ የሚያጠና ተሳፋሪ አይደለም። የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እነዚያ ልጆች በምሳና በማታ አሉ» ይላል፤ በቃ። ስለዚህ ለአዘቦቱ አንድ ሰሌዳ፣ ለዐቢይ ጾም አንድ ሌላ ሰሌዳ፣ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። በተራው ሳምንት ረቡዕና ዐርብ በ9 ሰዓት የሚመጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ ምሽቱን ቢጠብቅ ነው። በዐቢይ ጾም ግን ጥቂት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ በሩ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ሳይዘጋ ቢቆይ፣ የማይጾመውን በምሳው ሰዓት፣ የሚጾመውን በ9 ሰዓት፣ ከቢሮ የሚወጣውን በ11 ሰዓት ተኩል ይቀበላል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ የሙስሊም ደንበኛ የሚመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነውና፣ የቤቱ አቅራቢያ ለመስጊድ ቅርብ የሆነ ሰው ምሽቱን እንጂ ምሳውን አያስረዝም። የዐቢይ ጾምና የረመዳን ጊዜ አንዳንድ ዓመት ይገጣጠማል፤ በ2017 ዓ.ም. ሁለቱም በየካቲት መጨረሻ ሰሞን ነበር የገቡት። በእንዲህ ያለ ዓመት ከምሳው ቀንሶ ለማታው መጨመር ነው።

የደመወዝ ነገርም አለ፤ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ቀባሪን ማርዳት ይሆንብኛል። ጸሐፊ ፒዛ የሚበላው ወሩ ሲያልቅና አዲሱ ሲገባ ባሉት ዐሥር ቀናት ነው። ከወሩ 15 ቀን በኋላ ቁራሽ፣ ከ22 ቀን በኋላ ደግሞ ሽታው ብቻ! ከሁሉ የከፋችው ጳጉሜን ናት። አምስት ወይም ስድስት ቀን ሆና ስትመጣ ደመወዝ የላትም፤ ከፊቷ የቆመው እንቍጣጣሽ ግን በግ ይፈልጋል፤ የልጆች ደብተርና የትምህርት ቤት መመዝገቢያም ይፈልጋል። ተማሪውም በሐምሌና በነሐሴ ወደየቤተሰቡ ሄዷል። ዝናቡ ቀርቶ ፍልሰታውን ብቻ ብናስብ እንኳ ነሐሴ ለአራት ኪሎ ፒዛ ቤት የሞተ ወር ነው። በዚህ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝን ነገር ልንገርዎ። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማለት በቀን 14 ሰዓት ነው፤ በሰባት ቀን ሲባዛ 98 ሰዓት ይሆናል። ፒዛ ቤት ሲያንስ ሲያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከምድጃው፣ አንዱ ከገንዘቡና ከጠረጴዛው። የተቀጠሩትም ሁለት ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመደበኛውን ሥራ ልክ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብሎ ወስኖታል፤ በሳምንትም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ለሠራተኛ ይገባዋል። የሁለቱን ሰዎች ሕጋዊ ሰዓት ብንደምረው 96 ነው። ጠያቂዎቻችን ግን ሁለቱንም ለ98 ሰዓት በአንድ ጊዜ ይፈልጓቸዋል፤ የሁለት ሰው ሳምንት ተደምሮ የማይሞላውን ሰዓት ከአንድ ሰው ይጠይቃሉ ማለት ነው! ይህም ሊጥ ሳይቦካ፣ ወለል ሳይታጠብ ነው።

ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጋጋሪው ቢደክመው አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ሄዶ ሌላ ቤት ይቀጠራል፤ ሙያ በእጁ ነው። እኅቲቱ ግን ወዴት ትሄዳለች? «የወንድምሽ ቤት አይደለም እንዴ!» ትባላለች። ትርፍ ሰዓት የሠራ ሠራተኛ በቀን ለሠራው ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ለሠራው ሁለት እጥፍ እንደሚከፈለው ዐዋጁ ይናገራል፤ ለእኅቱ ይህን የሚከፍል ወንድም እምብዛም አላየሁም። ቀን ቢሮ ውለው ምሽት 12 ሰዓት ላይ የሚመጡት ሦስቱ ባለቤቶች ቤቱ ክፍት ሆኖ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የቆመችውን ልጅ እግር ግን ማን ያየዋል? ምሽት 4 ሰዓት በሩ ተዘግቶ፣ ሂሳብ ተደርጎ፣ ወለል ተጠርጎ 5 ሰዓት ሲሆን ታክሲ ፍለጋ የምትወጣውም እርሷ ናት። ከዚህ ቤት የሚገኘው ትርፍ በሦስት ሲካፈል ድካሙ ግን በአንዲቱ ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሂሳቡ ሲጀመር ተሳስቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የማቀርብላቸው ሰሌዳ የሚከተለው ነው። ከሰኞ እስከ ዐርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት፣ እንደገና ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፤ ይህ በቀን 6 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከ7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሳይቋረጥ፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ቢሆንም ተማሪው አለና፣ ባለቤቶቹም ራሳቸው ሊያግዙ ይችላሉና። እሑድ ዝግ። በሩ በሳምንት የሚከፈተው 36 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ለማቡካትና ለጽዳት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ሲጨመር በስድስት ቀን 9 ሰዓት ነው፤ ጠቅላላው 45 ሰዓት ተኩል። ከሕጉ በታች ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ የምትመዘዝ ሁለት ሰዓት ተኩልም ተረፈች።

በ8 ሰዓትና በ10 ሰዓት ተኩል መካከል ያለው ዕረፍት ለምን ተደረገ የሚል ካለ፣ በዚያ ሰዓት አራት ኪሎን ዞር ብሎ ይይ። ጸሐፊው ቢሮ፣ ተማሪው ክፍል ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ጠፍቶ እንደገና ለመጋል ግማሽ ሰዓት ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ቢበቃው ነው፤ ሁለት ሰዓት ባዶ ከሚነድ ቢጠፋ ይሻላል። ምድጃው የጡብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ጡብ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ከሞቀ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያልና መሐል ላይ መዝጋቱ ያን ያህል አያተርፍም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አገልግሎት እንዲሰጡ በደንብ ወስኗል። የጠያቂዎቻችን ቤት ከመንገዱ ገባ ያለ ቢሆንም፣ ሰሌዳውን በቀለም ከማስጻፋቸው በፊት ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው የእነርሱ መንገድ በዚህ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይጠይቁ። ገብቶ ከሆነ ምሳውን ለአንድ ተኩል ሰዓት ያህል አሳጥረው ምሽቱን በዚያው ልክ ያስረዝሙ እንጂ ሁለቱንም አይጨምሩ፤ ማምሻውንም ልጅቷን ሳይሆን ከሦስቱ አንዱ በተራ ገንዘብ ላይ ይቀመጥ።

ወደ ነሐሴ ልመለስ። ለአንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በዚያው ዐዋጅ መሠረት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይገባዋል። ቤቱ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ስለሆነ 16 የሥራ ቀን ማለት ሁለት ሳምንት ተኩል ይሆናል፤ ነሐሴ 1 ቀን ቢጀመር ከፍልሰታ ጾም ጋር ገብቶ ከፍልሰታ ጾም ጋር ጥቂት ቀን ቢያልፍ ነው የሚወጣው። ሁለቱም ሠራተኞች በአንድነት ያርፉ፤ ምድጃው ይጠገን፣ ግድግዳው ይቀባ። ዓመቱን ሙሉ ተራ እየጠበቁ አንድ በአንድ ከማረፍና ሁለት ሰው የሚፈልገውን ሥራ በአንድ ሰው ከማሠራት ይህ እጅግ የተሻለ ነው። በበሩ ላይ «እስከ ነሐሴ 19 ዝግ ነው» ተብሎ ይለጠፍ፤ ቀኑ ይጻፍ እንጂ «ለጥቂት ጊዜ» የሚል ወረቀት አይለጠፍ። «ለጥቂት ጊዜ» የሚል ወረቀት ያነበበ ሰው ቤቱ እንደ ከሰረ አድርጎ ነው የሚያወራው።

ስለ ዓውደ ዓመት ብዙ አልልም፤ በገና፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በእንቍጣጣሽ ማን ዶሮ ወጡን ትቶ ፒዛ ፍለጋ ይወጣል? ይዘጋ። በማግስቱ ግን ይከፈት፤ ወጣቱ ወጥ ሰልችቶት፣ ዘመድ ጥየቃውም ሰልችቶት ወደ ከተማ የሚወጣበት ቀን ነው።

ከዚህ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ግን ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሂሳብ ነውና ጠያቂዎቻችን በዓይናቸው ይመርምሩት። ከቤታቸው ትይዩ አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት አትጠፋም፤ አንድ ደብተር ይዘው በርጩማዋ ላይ ይቀመጡ። ከ5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሰው በበራቸው እንዳለፈ፣ ስንቱ ምግብ በእጁ እንደ ያዘ ይጻፉ። ሦስት ናቸውና በተራ ይቻላቸዋል፤ አንዱ ምሳውን፣ አንዱ ማታውን፣ መምህሩ ደግሞ ክፍል የሌለበትን ከሰዓት በኋላ ይያዝ። ይህን ለሁለት ሳምንት ያድርጉ፤ አንደኛው ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ሁለተኛው ከወሩ አጋማሽ ይሁን። ረቡዕን ከሐሙስ ጋር ያስተያዩ። የእነርሱ ቍጥር ከእኔ ሰሌዳ ጋር የማይስማማ ከሆነ የእኔን ሰሌዳ ይጣሉት።

ሦስቱ ጓደኞች በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ቤቱን በእንቍጣጣሽ ዕለት ሊመርቁ ማሰባቸውንም ጠቅሰዋል። ቀኑ ያማረ ነው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው፤ ተማሪውም ገና አልተመለሰም። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቢሆን የመስከረም ደመወዝ ተከፍሏል፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢም መሙላት ይጀምራል፤ እስከ ኅዳር 14 ድረስም ከረቡዕና ከዐርብ በቀር ጾም የለባቸውም፤ ስድስት ሳምንት ያህል ፎርማጆ የሚበላ ደንበኛ ያገኛሉ። እስከዚያው በመስከረም ቡናዋ ሴት ዘንድ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ሳምንት ቈጠራ ከመስከረም 8 እስከ 14፣ ሁለተኛው ደሞዙ የሚወጣበት ከ24 እስከ 30 ቢሆን ይስማማል፤ መስቀል በ17 ነውና ሁለቱም ሳምንታት ከበዓሉ ውጭ ይውላሉ።